ሴት የሸመነችው ጋቢ

ኤንትሬው የጭነት መኪና ከጨንቻ ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲያያዝ፣ ዘሪቱ በጋቢ እስሮቹ ላይ እንደተቀመጠች የጭነቱን ገመድ በሁለት እጇ ጨበጠች። የጥር ጉም ገና አልተገፈፈም። ሾፌሩ በየጠመዝማዛው ጥሩንባውን እየነፋ ሲታጠፍ፣ በአንድ በኩል የእንሰት ጓሮና የቀርከሃ ቤት ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ በሌላው በኩል ያለው ገደል ብቻ ነው። ከጎኗ የባሏ ታናሽ ወንድም ዳልጮ፣ ለክብር ቀን የሚለበሰውን ባለቀይና ባለቢጫ ድንጉዛ ሱሪ ለብሶ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በአማርኛ ያስጠናችውን ቃል እየደጋገመ ነበር።

ቃሉ አጭር ነው። አርባ ምንጭ ላይ በሚደረገው የክፍለ ሀገሩ የእደ ጥበብ ትርዒት የእነሱ ጋቢ አንደኛ ከወጣ፣ ሸማኔው በሕዝብ ፊት ተጠርቶ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቃል ተብሏል። ባለፈው ዓመት አንድ የጎፋ ቀጥቃጭ ተጠይቆ ለመንደሩ ወፍጮ ለምኖ ተፈቅዶለታል። ዳልጮም ሲጠየቅ ሽልማቱ እንዲቀርበት፣ በምትኩ ወንድሙ ኦይታ ከጦር ግንባር እንዲመለስለት ሊለምን ነው። ዘሪቱ አማርኛ የለመደችው በሙሽርነቷ ከኦይታ ጋር ሽሮ ሜዳ በኖረችበት ጊዜ ነበር። ዳልጮ ግን ከገበያ የለቃቀመው አማርኛ ስለሆነ «ይመለስልኝ» የምትለዋ ቃል አስቸግራዋለች፤ አንዴ «ይመለስልሽ» አንዴ «ተመለስኩልኝ» ይላታል። ዘሪቱ ሳትቆጣ ታርመዋለች።

ማንኛቸውም ያልተናገሩት፣ ግን ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ነበር። ከበታቻቸው በንጹሕ ማዳበሪያ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ጋቢ ዳልጮ አልሸመነውም። የሸመነችው ዘሪቱ ናት።

ጋርዳ የምትባለው መንደራቸው ድሮ የእንሰትና የገብስ አገር ነበረች። በሽመና ስማቸው የተጠራው ዶርዜዎች ቅርብ ቢሆኑም ጋርዳ ውስጥ የሽመና እቃ የተከለ ሰው አልነበረም። መሬቱ ጠባብ፣ ልጁ ብዙ ስለሆነ ወንዱ ጢም ማብቀል ሲጀምር ወይ አዲስ አበባ ሄዶ ለሰው ይሸምናል፣ ወይ ቆላ ወርዶ ራሱን ለወባ ይሰጣል። የጋርዳ ሴቶች ባሎቻቸውን የሚያዩት ለመስቀል ነበር። መሬት ላራሹ በታወጀ ማግስት ኦይታ ሙሽራዋን ይዞ፣ መወርወሪያውንና የድር ማበጠሪያውን በጀርባው አዝሎ ተመለሰ። ቤቱ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ እቃውን ተከለ። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቆይተው አጠገቡ ቁጭ ብለው ያዩ ጀመር፤ ከዚያ አንድ በአንድ እንዲያስተምራቸው ለመኑት። እሱም አስተማራቸው።

ከዚያ በኋላ ጋርዳ ሌላ አገር ሆነች። ወንዱ ከቤቱ መዋል ጀመረ። ልጆች አባታቸውን ከበው መብላት ለመዱ። ሴቶቹ በእንዝርት የሚፈትሉት ማግ ዋጋ አገኘና ለጨውና ለቅቤ የባላቸውን እጅ ማየት ቀረላቸው። አዛውንቱ ግን ገብሱ በጊዜው አይታረምም፣ ወጣቱ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ እርሻውን ረሳ እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። እውነታቸውንም ነበር። ቢሆንም ገና ወፍ ሲንጫጫ ከየቤቱ የሚሰማውን የእቃ ድምፅ ማንም ሰው ዝም በል ሊለው አልፈለገም።

ቀጥሎ ማኅበሩ መጣ። የሸማኔዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ የተመረጠው አበጋዝ ጨንቻ ተምሮ የመጣ፣ ካኪ ኮትና ቆብ የማይለየው ሰው ነው። እቃው በየቤቱ ይቆይ፣ ክሩን ግን ማኅበሩ ያድላል፣ ጋቢውንም ማኅበሩ ይረከባል ተባለ። በመንግሥት የታሸገው ጸሎት ቤታቸው የክር መጋዘን ሆነ። ከዚያም የብሔራዊ ውትድርናው አዋጅ ወጣና በመጀመሪያው ዙር ኦይታ ተወሰደ። እሱ ከሄደ በኋላ ነው ከአውራጃው ለሠራዊቱ ጋቢ የሚያቀርቡ ሸማኔዎች ከሚቀጥለው ዙር ይለዩ የሚል ቃል የመጣው። ኦይታን ያልጠበቀው ቃል ዳልጮን ሊያስቀረው የሚችለው ዳልጮ ሸማኔ ከሆነ ብቻ ነበር።

ዳልጮ ደግሞ የእርሻ ሰው ነው። እጁ ለማረሻ እንጂ ለክር አልተፈጠረም። ድሩን ይበጥሳል፣ ማጉን ያላላል፤ የሸመነውን ጋቢ አበጋዝ ሁለት ጊዜ መለሰበት።

አማቷ ሻሺቱ ያኔ ወደ ዘሪቱ ቤት መጣች። በጋሞ አገር ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም፤ ሴት የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ከገባች ጎሜ ነው፤ ጎሜ ደግሞ ቤት የሚያጠፋ፣ ዝናብ የሚያስቀር ነውር ነው። ሻሺቱ ይህንን ለልጅ ልጆቿ የምታስተምር ሴት ነበረች። የዚያን ዕለት ግን በሩን ከውስጥ ዘግታ ምራቷን እጇን ይዛ የኦይታ እቃ አጠገብ አቆመቻት።

«አንዱ ልጄ ሄዷል» አለቻት። «ሁለተኛውን አንቺ አስቀሪልኝ። ጎሜው በእኔ ላይ ይሁን።»

ዘሪቱ ገባች። ባሏ ሲሸምን አጠገቡ ተቀምጣ ስትፈትል የኖረች ስለሆነች እግሯና እጇ ሳያስተምሯቸው ያውቁ ነበር። መጀመሪያ ክሩ እየተበጠሰ አስለቀሳት። ቆይቶ ግን ድምፁን ወደደችው። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ኦይታ እዚያው ያለ ይመስላት ነበር። ከማኅበሩ በዳልጮ ስም የሚወጣው ክር ወደ እሷ ቤት ይመጣል፤ ጋቢው በዳልጮ ትከሻ ወደ ማኅበሩ ይሄዳል። ይህንን የሚያውቁት አራት ሰዎች ናቸው፤ እሷ፣ ሻሺቱ፣ ዳልጮና ሚስቱ ልክነሽ። ልክነሽ ማታ ማታ እየመጣች የዘሪቱን ጀርባ በቅቤ ታሽላት ነበር። አንድ ቀንም ዳልጮ ሌሊት አጠገቧ ሲተነፍስ በሰማች ቁጥር ዘሪቱን እንደምትመርቅ ነግራታለች።

ኤንትሬው ወደ ቆላው ሲጠጋ ጉሙ ከኋላ ቀረ። የአባያ ሐይቅ ቀይ ውሃውን ዘርግቶ ታየ። ሙቀቱ ከታች እንደ ምድጃ ወላፈን መጣባቸው፤ ዘሪቱ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። ላንቴ ላይ ሴቶች ሙዝ በራሳቸው ተሸክመው ከመንገድ ዳር ሸሹላቸው። አርባ ምንጭ ገብተው፣ ከሲቀላ ገበያ ሽቅብ ወደ ሴቻ ሲወጡ ዳልጮ ቃሉን አንዴም ሳይሳሳት ተናገረው። ዘሪቱም ጉልበቱን ነካ አድርጋ አበጀህ አለችው።

ትርዒቱ የሚታየው ከመሥሪያ ቤቶቹ መሃል ባለው ሜዳ ላይ በተጣለ ሰፊ ዳስ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ተወጥሮ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተብሎበታል። ከዳሱ ጫፍ ለሕዝብ እንዲታይ ጉድጓድ ተቆፍሮ የሽመና እቃ ተተክሏል። ቅርጫት፣ ሸክላ፣ ማረሻ፣ የቆዳ ምንጣፍ በየተራው ተደርድሯል። የጋርዳን ጋቢ አበጋዝ ራሱ ነው የዘረጋው። ጠርዙ ላይ ቀጭን፣ እንደ ጠዋት ጎህ ከቀይ ወደ ቢጫ የሚሄድ ጥለት አለው፤ ዘሪቱ ያንን ጥለት ከማንም አልተማረችውም።

ከቀትር በፊት የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣን ጓድ ካሱ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው መጡ። ሰማያዊ የደንብ ልብስ የለበሱ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ሰው ናቸው። ከሌላው ፊት ሁሉ ቆም እያሉ አለፉ። ጋቢው ዘንድ ሲደርሱ ግን ጎንበስ ብለው ጠርዙን በጣታቸው መሃል አሹት፤ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። አበጋዝ እጁን አጣምሮ ይህ በጋርዳ የሸማኔዎች ማኅበር አባል በጓድ ዳልጮ የተሠራ መሆኑን አስረዳ። ጓድ ካሱ ዳልጮን አይተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ሰው እንዲሰበሰብ ሲነገር አበጋዝ ዳልጮን ወደ ጎን ወስዶ በጆሮው አንድ ነገር አለው። ዘሪቱ ከሴቶቹ መሃል ሆና አየቻቸው እንጂ አልሰማችም። የዳልጮ ፊት ሲለዋወጥ ግን አየች።

አንደኛ የወጣው የጋርዳ ጋቢ ነው ተብሎ ሲለፈፍ ዳሱ በጭብጨባ ተናወጠ። ዳልጮ ወጣ። ቀይ ጨርቅ ያለበት የኮከብ አምራች ምልክት ደረቱ ላይ ተደረገለት። ጓድ ካሱ አብዮቱ የሠሩትን እንደማይረሳ ተናግረው ሲያበቁ ፈገግ ብለው ጓድ ዳልጮ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ጠየቁት።

ዳልጮ አፉን ከፈተ። ዘሪቱ ቃሉን ከእሱ ጋር በልቧ ጀመረች።

«ክር» አለ ዳልጮ። ምራቁን ዋጠ። «ለማኅበራችን ተጨማሪ ክር እንዲሰጠን።»

ሰው አጨበጨበ። ዘሪቱ ሌላ ቃል ይከተላል ብላ ጠበቀች። ዳልጮ ግን አንገቱን ደፍቶ ከመድረኩ ሊወርድ ዞረ። ወንድሙን በስሙ አልጠራውም። ጎሜ ገብታ፣ ጀርባዋ ጎብጦ፣ ዓይኗ ደክሞ የሠራችው ሁሉ ለክር ሆነ። ያን ጊዜ ስለ ዳልጮ አላሰበችም፤ ስለ ሻሺቱም አላሰበችም። ያሰበችው፣ ኦይታ የሆነ ቦታ ድንጋይ ተንተርሶ ተኝቶ፣ እዚህ ስሙን የሚጠራለት ሰው መጥፋቱን ነው። ሳታውቀው ተነስታ ቆማለች።

«ጌታዬ» አለች። «ጋቢውን እሱ አይደለም። እኔ ነው የሸመንኩት።»

አበጋዝ ከነቆቡ ወደ እሷ ዞረ። አንድ አጃቢ ሊያስቀምጣት ሲመጣ ጓድ ካሱ በእጃቸው ከለከሉትና ወደ ፊት እንድትመጣ አደረጉ። ማን እንደሆነች ጠየቋት። ነገረቻቸው። ባሏ በመጀመሪያው ዙር እንደሄደ፣ እሷ በእሱ ቦታ እንደገባች፣ ሽልማት እንደማትፈልግ፣ እሱን ብቻ እንዲመልሱላት ነገረቻቸው። አማርኛዋ እየተሰበረ፣ ወንዱን ሴት ሴቱን ወንድ እያደረገች ብትናገርም የቀረ ነገር አልነበረም።

ጓድ ካሱ አልተቆጡም። እንዲያውም ዓይናቸው በራ። ከዳሱ ጫፍ ወደተተከለው እቃ ወስደው ለሕዝቡ እንድታሳይ ጠየቋት። ዘሪቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። በጋሞ ወንዶችና ሴቶች ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ መወርወሪያውን ወረወረች። ከደጋ የመጡ ሽማግሌዎች ፊታቸውን አዞሩ። የሴቶች ማኅበር ሰዎች ግን እልልታውን አቀለጡት፤ ያን እልልታ ስትሰማ ዘሪቱ ካገባች ወዲህ ተሰምቷት የማያውቅ ኩራት ተሰማት። እጇ ፈጠነ። ጓድ ካሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ ያነጋግሯት ጀመር።

ሌላ ሴት ይህንን ብትሞክር ትችል እንደሆነ ጠየቋት። ትችላለች አለች። ወንዱ የሚሠራውን ያህል መሥራት ትችል እንደሆነ ጠየቋት። ኦይታን አስባ፣ ሴት ሁሉ ብትችል ለእሱ መመለስ ምክንያት እንጂ እንቅፋት አይሆንም ብላ፣ በኩራትም ጭምር፣ መለሰች።

«ፈታይ የሆነች ሴት ሁሉ ትችላለች። አንድ ክረምት ይበቃታል።»

ጓድ ካሱ ብድግ አሉ። ስለ ባሏ ያቀረበችው ጥያቄ እንደሚታይ ነገሯት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው ረጅም ንግግር አደረጉ። ይህች ሴት የቆየውን ሰንሰለት እንደበጠሰች፣ ወንዱ በግንባር ሴቷ በደጀን መቆም እንደሚችሉ በተግባር እንዳሳየች ተናገሩ። ዘሪቱ ከንግግሩ ግማሹ አልገባትም። ገብቷት የነበረው የሚጨበጨብላት መሆኑ ብቻ ነው። ከሕዝቡ መሃል ዳልጮን ፈለገችው። ከዳሱ ምሰሶ ጋር ተጠግቶ፣ የኮከቡን ምልክት ከደረቱ አውርዶ በእጁ ይዞ ቆሟል።

ወደ ደጋ ሲመለሱ ላንቴ ላይ ሾፌሩ ሙዝ ሊጭን ሲቆም አበጋዝ ከጋቢናው ወርዶ ወደ ኋላ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ዳልጮን ክር እንዲጠይቅ ያዘዘው እሱ መሆኑን ሳይጠየቅ ተናገረ። ወታደር ይመለስልኝ የሚል ሰው ከመድረኩ ሳይወርድ እንደሚታሰር ፈርቶለት ነበር።

«ማን እንደሚሸምን አንድ ቀን ጠይቄሽ አውቃለሁ?» አላት። «ጥለቱን አይቼ የዳልጮ እጅ አለመሆኑን የማላውቅ ይመስልሻል? ካልጠየቅሁ አላውቅም፣ ካላወቅሁ አልጠየቅበትም ብዬ ነበር የተውኩት። ወንዶቹ እስካሁን የቀሩት ጋቢውን የሚሠራ ሌላ የለም ስለተባለ ነው። አንቺ ዛሬ አለ ብለሽ መጣሽ።»

ዘሪቱ የዚያን ጊዜ ገባት። «አንድ ክረምት ይበቃታል» ያለችው ቃል ወደ ጆሮዋ ተመልሶ መጣ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሾፌሩ የሙዙን ጭነት አስተካክሎ ጨርሶ ሞተሩን አስነሳ፤ አበጋዝም ወደ ጋቢናው ሄደ።

ጋርዳ ሲደርሱ ሻሺቱ መንገድ ዳር ወጥታ እየጠበቀች ነበር። ዘሪቱ አልደበቀቻትም። ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። አሮጊቷ እስክትጨርስ ሰማቻት።

«አንዱን ልታመጪ ሄደሽ ሁለተኛውን ሰጠሽ» አለቻት፤ ከዚያም የዳልጮን ክንድ ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችው።

ወሬው በመንደሩ እንደ ገለባ እሳት ዞረ። ሽማግሌዎቹ ሸንጎ በሚቀመጡበት ሜዳ፣ ዱቡሻ ላይ ተሰብስበው ዘሪቱን አስጠሩ። ጎሜዋን በሕዝብ ፊት እንድትናገር፣ በግ አርዳ መንደሩን እንድታነጻ ፈረዱባት። አልተከራከረችም። የኦይታን በግ አውጥታ ሰጠች። ሻሺቱ ከሴቶቹ መሃል ቆማ ነበር፤ ያዘዘቻት እሷ መሆኗን ግን አልተናገረችም። ዘሪቱም አልተናገረችባትም።

ዳልጮ መሸሽ ይችል ነበር። ወደ ቆላ ወርዶ ከአባያ ማዶ ዘመድ ጋ እንዲደበቅ ልክነሽ ስንቅ ቋጠረችለት። ግን ከሌላ መንደር አንድ ሰው ቢሸሽ እናቱን እንዳሰሩበት ሰምቷል። ስንቁን ተቀብሎ ደጃፉ ላይ አስቀመጠውና እርሻውን ሊያርስ ወጣ። በዚያ ሰሞን ያርስ የነበረው የራሱን ብቻ አልነበረም፤ የኦይታንም ማሳ፣ ዘሪቱ ሳትጠይቀው የእሷንም ጓሮ ቆፈረ። አንድ ጠዋት አጥሩ ሥር አገኘችው። ይቅር በለኝ ልትለው ስትጀምር አቋረጣት።

«እትዬ፣ ቃሉን አልረሳሁትም ነበር» አላት። «አሁንም አልረሳሁትም። እዚያ ላይ ስወጣ ግን ሰውየው ደረቴን ነካኝ፤ ፈራሁ። ወንድሜን ፈርቼ ተውኩት። አንቺ አልፈራሽም። እንግዲህ ማናችን እንደበደልን እኔ አላውቅም።»

ዶማውን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዳልጮ የለመነው ክር ሲመጣ የበልጉ ዝናብ ጀምሮ ነበር። የማኅበሩ አባላት በሙሉ ክር ለመውሰድ ወደ መጋዘኑ እንዲመጡ ተነገረ። ኡራል የሚባሉት የጦር መኪናዎች ጭቃውን እያረሱ ደረሱ። ከአንደኛው ላይ እስር እስር ክር ወረደ፤ ነጭ፣ የፋብሪካ፣ በእንዝርት መፈተል የማያስፈልገው። ወንዶቹ ክሩን ወደ ውስጥ አስገብተው ሲደረድሩ ታጣቂዎቹ በሩን ያዙ። ከዚያ ስም እየተጠራ፣ አንድ በአንድ፣ ክር በወረደበት መኪና ላይ ወጡ። አበጋዝ ስሙን የሚጠራው እሱ እንዲሆን ታዝዞ ነበር። የመጨረሻው ስም የራሱ ነበር። ቆቡን አውልቆ ለመጋዘኑ ዘበኛ ሰጠና ወጣ።

ሴቶቹ ጩኸት ሰምተው ሲሮጡ መኪናዎቹ ተንቀሳቅሰዋል። ልክነሽ ከሁሉም ቀድማ ሮጠች። ጭቃው አዳልጧት ወደቀች፤ ተነስታ እንደገና ሮጠች። ዘሪቱ ልታነሳት እጇን ስትዘረጋ ልክነሽ እጇን ገፍታ አለፈች። ዳልጮ ከመኪናው ላይ ሆኖ ወደ እናቱ ቤት ያይ ነበር። ሻሺቱ ግን አልወጣችም። በሩን ከውስጥ ዘግታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋርዳ ውስጥ ጎሜ የሚል ሰው ጠፋ። ከወረዳው የሴቶች ማኅበር የመጡ ሰዎች ሴቶቹን ሰብስበው፣ እቃው ከእንግዲህ የእናንተ ነው፣ ክሩ ተሰጥቷችኋል፣ ጋቢው በጊዜው ይጠበቃል አሉ። ዱቡሻ ላይ የፈረዱት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ልጆቻቸው የሉም፤ የልጅ ልጆቻቸው መብላት አለባቸው። የፋብሪካው ክር ስለመጣ የእንዝርት ማግ የሚፈልግ ስላልነበረ፣ መፈተል ብቻ የሚችሉት አሮጊቶች እጃቸውን አጣጥፈው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ሻሺቱም ከእነሱ አንዷ ሆነች። ከዘሪቱ ጋር መናገሯን አላቆመችም፤ ቆጮውንም አብራት ትበላለች። ነገር ግን ልጄ ብላ መጥራቷን ትታ በስሟ ትጠራት ጀመር።

ስለ ኦይታ ከአርባ ምንጭ የመጣ ቃል የለም። ዘሪቱ ሁለት ጊዜ ሴቻ ድረስ ወርዳ ጠይቃለች። በመጀመሪያው ጊዜ ጓድ ካሱ ስብሰባ ላይ ናቸው አሏት። በሁለተኛው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውረዋል ተባለች፤ በሩ ላይ የነበረው ጸሐፊ ግን አወቃትና ጋዜጣ ላይ ፎቶግራፍሽ ወጥቶ ነበር ብሎ ነገራት። አላሳያትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

ሴቶቹ ሊማሩ ወደ ዘሪቱ ቤት መምጣት የጀመሩት ክረምቱ ሲገባ ነው። ከጋርዳ ሴት እቃውን የምታውቀው እሷ ብቻ ስለነበረች ሌላ የሚሄዱበት አልነበረም። መጀመሪያ ጥግ ይዘው፣ ዓይኗን ሳያዩ ይቀመጡ ነበር። ቆይተው እጃቸው ሲለምድ አንዳንዶቹ ሰላምታ መስጠት ጀመሩ። ልክነሽ ግን አልመጣችም። በዳልጮ ስም የተሰጣት ክር ጥግ ላይ ተቆልሎ እርጥበት ሲበላው፣ ልጆቿ ጎረቤት ደጃፍ ላይ መቆም ሲጀምሩ እንኳ አልመጣችም።

የመጣችው ዝናቡ ለአንድ ቀን ባባራበት ዕለት ነው። በሩ ላይ ቆመች። ክሩን በጀርባዋ አዝላዋለች። ከስታ ጉንጯ ገብቷል። ዘሪቱ ከጉድጓዱ ወጥታ ቦታውን ለቀቀችላት። ልክነሽ ክሩን አስቀመጠችና ገባች። እግሯን ወዴት እንደምታደርግ ስላላወቀች ጉድጓዱ ውስጥ እንደታሰረ ከብት ቆመች።

ዘሪቱ በጉልበቷ ተንበርክካ የልክነሽን ቁርጭምጭሚት ያዘች። ልክነሽ እግሯን ልትነጥቅ ሞከረችና ተወችው። ዘሪቱ አንዱን እግር በአንዱ መርገጫ፣ ሌላውንም በሌላው ላይ አስቀመጠችላት። የእግር ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል። መወርወሪያውን አንስታ እጇ ላይ ስታደርግላት ልክነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

«አስተምሪኝ» አለቻት። «ይቅር ግን አልልሽም።»

ዘሪቱ የላላውን ድር በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ቀኝ እግርሽን እርገጪ» አለቻት።